ውሃው በየት ይወርድ ነበር?

ጎንደር ውስጥ ለቤት ባለቤቶች፣ ለግንበኞችና ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። በሩ ላይ የቆማችሁ ግቡ፤ ፊት ያሉት ወንበሮች ለባለሥልጣን የተያዙ አይደሉም፣ ባዶ ናቸው።

የተሰጠኝ ርዕስ «አሮጌ ሕንፃን ለአዲስ አገልግሎት ማዋል» የሚል ነው። ርዕሱን አልጠላሁትም፤ ግን የሚጠራው ሕንፃውን ብቻ ነው፣ ሕንፃው የቆመበትን መሬት አያነሣም። በዚህ ሙያ ስኖር ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡት ከዚችው ጉድለት ነው። ክፍሎቹን እንቆጥራለን፣ ግድግዳውን እንለካለን፣ ሆቴል ይሁን ክሊኒክ ብለን እንከራከራለን። ቤቱ ለምን እዚያ ጋ፣ ለምን በዚያ ከፍታ፣ ለምን ፊቱን ወደዚያ አዙሮ እንደተሠራ ግን ማንም አይጠይቅም።

የራሴን ጥፋት ላስቀድም፤ የሌላውን ለማንሣት ያን ጊዜ ድፍረት አገኛለሁ።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ከአባታቸው የወረሱትን፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ላድርገው ብለው ጠሩኝ። ቤቱ ተዳፋት ላይ ነው፤ ከጀርባው ኮረብታ፣ ከፊቱ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ። ግድግዳው በኖራ የተገነባ ጥቁር ድንጋይ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ከወለሉ በታች ሰው የማይገባበት፣ ድመት ግን እንደ ልቧ የምትዞርበት ክፍተት አለ። ለዚያ ክፍተት በመሠረቱ ዙሪያ ጡብ ጡብ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ተትተውለታል። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ቅጠልና አፈር ግማሹን የሞላው ቦይ ነበረ።

እኔ ምን አደረግሁ? ቀዳዳዎቹን አይጥ ይገባባቸዋል ብዬ በሲሚንቶ አስደፈንኩ። ቦዩን የቆሻሻ መጠራቀሚያ ነው ብዬ አስሞላሁት። መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ኮንክሪት አስፈሰስኩበት። የተላጠውን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስኜ ቀለም አስቀባሁ። ሚያዝያ ላይ ሲያልቅ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ፎቶው አሁንም አለኝ፤ ተማሪ ማስፈራሪያ አድርጌዋለሁ።

ሰኔ ገባ። ሐምሌ እኩሌታ ላይ ባለቤቷ ደወሉ። «ልጄ፣ ቤቱ ሸተተኝ» አሉኝ። ሄጄ ሳይ ጣውላው አብጦ በሩ አልከፈት ብሏል። ልስኑ ከወለሉ እስከ ጉልበት፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ወገብ ድረስ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሯል። በጣቴ ብነካው ቅርፊቱ ረገፈ፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነጭ ጨው ለብሶ ታየ።

በማግስቱ አንድ አዛውንት ግንበኛ ይዤ ተመለስኩ። እሳቸው ወደ ቤቱ አልገቡም፤ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩና «ባልዲ ውሃ አምጡልኝ» አሉ። በኮረብታው በኩል ካለው ጥግ ቆመው ደፉት። ሁላችንም ውሃውን በዓይናችን ተከተልነው። ኮንክሪቱ ላይ ተንሸራተተ፣ መሀል ላይ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ሥር ገባ።

«ምን አደረግሁት አባባ?» አልኳቸው።

«የእንግዳ ማረፊያ አይደል የምትሠሩት? ይኸው፣ የመጀመሪያው እንግዳ ገብቷል» አሉኝ።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ኖራ ይተነፍሳል። ድንጋዩ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በመጋጠሚያው በኩል ያወጣዋል፣ ፀሐይና ነፋስ ይወስዱታል። ሲሚንቶ ይህን በር ይዘጋበታል። መውጫ ያጣው እርጥበት በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፤ ይዞት የመጣውን ጨው ከልስኑ ጀርባ እያስቀመጠ ልስኑን ይገፋዋል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ፈተና ላይም ጽፌ አልፌበታለሁ። ያልገባኝ ግን ያ ቤት ሦስት ጠባቂዎች እንደነበሩት ነው። ቦዩ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ይቀበላል፤ የአፈሩ ግቢ ከሰማይ የወረደውን ይጠጣል፤ ቀዳዳዎቹ ከሥር የተረፈውን እርጥበት ለነፋስ ይሰጣሉ። ሦስቱም ለሚያያቸው የችግር ምልክት ይመስላሉ፤ ሦስቱንም በአንድ በጋ አጠፋኋቸው።

ጥገናው ከእድሳቱ የከበደ ሆነ። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቀን ኮንክሪቱን ሰበርንና ጠጠር ሞላንበት። ቦዩን ቆፍረን አወጣነው፣ ቀዳዳዎቹን ከፍተን ወንፊት አደረግንባቸው። የሲሚንቶውን ልስን በመዶሻ ስናራግፍ የድንጋዩ ፊት አብሮ እየተነሣ መጣ፤ ያ ጉዳት ዛሬም ይታያል። ከዚያ በኖራ ለሰንነው። ግድግዳው እስኪደርቅ ሁለት በጋ ጠበቅን። ባለቤቷ አልከሰሱኝም፤ እንዲያውም ቡና ይጠሩኛል። አቦሉ ላይ፣ አለዚያ በረካው ላይ ቦዩን አንድ ጊዜ ሳያነሡ ግን አይሸኙኝም።

አሁን ወደ ትልቁ ግቢ፣ ወደ ፋሲል ግቢ እንሂድ።

አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ቆይተው ነበር። ድንኳን ነቅሎ የሚሄድ ሰው መሬት የመምረጥ ልምድ አለው፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ካደረ ማልዶ ይነሣል። የመረጡት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ የሆነ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተዘረጋ የኮረብታ ጀርባ ነው። እዚያ ላይ የወደቀ ዝናብ የሚሄድበት ሁለት ወገን አለው፤ አይተኛም። ጥርት ባለ ቀን ከግንቡ ሰገነት ላይ ወደ ደቡብ ጣና ይታያል። ግንቡ የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ የዚሁ አገር ድንጋይ ነው፤ የመስኮቱና የቅስቱ ዙሪያ በቀላል ቀይ ድንጋይ ተከፈፈ፣ ማያያዣው ኖራ ሆነ። የፋሲል ግንብ ከሌላ አገር የተዋሰው ብዙ ነገር ሊኖር ይችላል፣ በዚያ ላይ ምሁራኑ ይከራከሩ። ሥሩ ያለው መሬት ግን የተዋሰው አይደለም።

አጥሩ 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 12 በሮች አሉት። ለእኔ ከግንቦቹ ይልቅ የሚያስደንቁኝ እነዚህ በሮች ናቸው። ወምበር በር የዳኞቹ ነው። እምቢልታ በር የእምቢልተኞቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ ተዝካሮ በር የተዝካር። እንቆዬ በር በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም ይጠራል። ስሞቹን ብቻ እያነበባችሁ ብትዞሩ ከተማው ከቤተ መንግሥቱ ጋር በምን በምን ጉዳይ ይገናኝ እንደነበር ትረዳላችሁ። ከፊት ለፊት ደግሞ ጃን ተከል አለ፣ ዋርካው። ሰው የሚሰበሰብበት ጥላ ከሌለው የአዋጅ ነጋሪት ለማን ይጎሰማል?

ዛሬ ቲኬት ቆርጦ የሚገባ ሰው የሚያውቀው አንድ በር ነው። ለጥበቃ እንደሚመች ይገባኛል፤ የዓለም ቅርስ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ ቁልፍ ያስፈልገዋል። ነገር ግን 12 በር የነበረውን ግቢ አንድ በር ስታስቀሩለት አገልግሎቱን ቀይራችሁታል፤ አንድም ድንጋይ ሳትነኩ። በየሰፈሩ በኩል የነበረው ፊት ጀርባ ሆኗል። ጀርባ በሆነው በኩል ምን እንደሚጣል እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ ልጆች እያላችሁ ኳስ የተጫወታችሁበት ነው።

ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ልውሰዳችሁ፤ እዚያ ትንሽ እቆያለሁ።

የፋሲል መዋኛ የምንለው ግንብ በገንዳ መካከል በቅስቶች ላይ ቆሞ፣ በድልድይ ከዳር ተያይዟል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። ጥር ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ በቦይ ይመጣና ገንዳው ቀስ ብሎ መሙላት ይጀምራል፤ ቀናት ይፈጃል። ከዚያ ከተራ ይሆናል፣ ታቦታቱ ይወርዳሉ፤ በማግስቱ ጧት ውሃው ይባረክና ጎረምሳው ከግንቡ ጠርዝ ላይ ይወረወራል። ለንጉሥ የተሠራ የሚባለው ገንዳ ለሕዝብና ለታቦት ማደሪያ ሆኗል። ስለ አሮጌ ሕንፃ አዲስ አገልግሎት ምሳሌ ፈልጎ አውሮፓ የሚሄድ የጎንደር ተማሪ ይገርመኛል፤ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

እስቲ አስቡት። ግንቡን ድንጋይ በድንጋይ ብትጠግኑት፣ አጥሩን ብታድሱት፣ መብራት ብታስገቡለት፣ ላይ በኩል ደግሞ አንድ ሰው የቦዩን መስመር ዘግቶ ቤት ቢሠራበት ምን ይተርፋችኋል? ባዶ ጉድጓድና ለፎቶ የሚያምር ግንብ። ቅርሱ ግንቡ ብቻ አይደለም፤ ቀሃ፣ ቦዩ፣ ገንዳው፣ ሕዝቡ የሚቆምበት ዳርና ታቦቱ የሚመጣበት መንገድ አንድ ላይ ናቸው ቅርሱ። ጥበቃ ሲባል ብዙ ጊዜ ካርታ ላይ የሚከበበው ግን ግንቡ ነው።

የዛፎቹንም ነገር ላንሣ፤ ሁሌ የምጠየቀው ነው። በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሥራቸው አጥሩ ላይ ወጥቶ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦታል። «ይቆረጥ» የሚል አለ፣ «እንዳይነካ» የሚል አለ። እኔ ሥሩ ግንቡን የሚገፋውን ያህል ይዞታል ባይ ነኝ። ዘመናት አብረው የኖሩትን በአንድ ቀን መጋዝ ማለያየት ፍቺ ሳይሆን ፍርሻ ነው። እየለካን፣ እየደገፍን፣ አዲሱን ቀንበጥ እያረምን አሮጌውን እናኑረው።

ወደ ፒያሳ ስንወርድ ሌላ ታሪክ ይጠብቀናል። ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ይዟል። የከተማውን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት ነው። የፖስታ ቤቱን፣ የሲኒማውን፣ ጥጋቸው የተጠማዘዘ ሱቆቹን አካባቢ ደግማችሁ እዩት። መንገዱ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፣ ሕንፃዎቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ወደ ግንቡ የሚያሳየውን ክፍተት አልደፈኑትም። ሰውየው ለቦታ ዓይን ነበረው። ይህን ስል ደስ የማይለው ሰው ይኖራል፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ቀሪውንም ልበል። የፋሺስቱ ፕላን የጣሊያኑን ሰፈርና የአገሬውን ሰፈር ለይቶ የሚያስቀምጥ ነበር። መሬቱን አነበበው፤ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው ግን ከጽሑፉ ሰረዘው። ግንቡ ለነሱ የመስኮት ሥዕል ሆነላቸው። ዛሬ እነዚያ የለዩን ሕንፃዎች የኛ ሱቅ፣ የኛ ካፌ፣ ደብዳቤ የምንልክባቸው ሆነዋል። ጌታው ተባሮ አዳራሹ ሲቀር፣ አዳራሹ ውስጥ ማኪያቶ መጠጣት ራሱ አንድ ዓይነት ፍርድ ነው።

በዚያው ዘመን የፋሲል ግቢም ለጣሊያን ጦር አገልግሏል። ዋጋውንም ከፍሏል፤ ከተማዋ ነጻ ስትወጣ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላን ደብድቦታል። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ ነበር፣ ቦምቡ ጨመረበት። አገልግሎት መቀየር ሁሌ መልካም ዜና አይደለም ለማለት ነው። እዚሁ ጎንደር ያለውን ራስ ግንብን ተመልከቱት። በጎንደር ዘመን ኃያል የነበሩት የራስ ሚካኤል ስሑል ነበር ይባላል። በኋላ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ ሆነ፣ በደርግ ጊዜ ሰው የሚታሰርበትና የሚሰቃይበት፣ አሁን ደግሞ ሙዚየም። ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፤ የሚከላከል ወፍራም ግድግዳ የሚያፍንም ሊሆን ይችላል። እዚያ ሙዚየም ስትገቡ ስለ ራስ ሚካኤል ብቻ ተነግሯችሁ ከወጣችሁ ግማሹን አልሰማችሁም።

የሙያው ሰዎች የሚጠቅሱት የቬኒስ ቻርተር የሚባል ሰነድ አለ፣ እ.ኤ.አ. የ1964። ሁለት ነገር ይላል ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆን። አንደኛው፣ ቅርስን ለኅብረተሰብ በሚጠቅም አገልግሎት ላይ ማዋል ለጥበቃው ይረዳል፤ ግን የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ የለበትም። ሁለተኛው፣ ቅርስ ከመሰከረለት ታሪክና ከቆመበት ቦታ አይነጠልም። የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠቅሳል፣ ፈቃድ ለማውጣት ይረዳልና። ሁለተኛው የሚታወሰው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። የኛው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም አለ፤ አዋጅ ግን ቦይ አይጠርግም።

ከአዲስ አበባ አንድ ምሳሌ ብቻ። ስድስት ኪሎ ያለው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ የተስማማው ክፍሎቹ ለመማሪያ ስለተመቹ አይመስለኝም፤ የንጉሥ መኝታ ቤት ለመማሪያ አይመችም። የተመቸው ግቢው ነው። ዛፉ፣ ሰፊው መንገድ፣ የመግቢያው በር፣ ሰው ተሰብስቦ የሚቆምበት ሜዳ ሁሉ ዝግጁ ነበር። ያንኑ ሕንፃ ያለ ግቢው ቢሰጧቸው ኖሮ ለቢሮም አይበቃ።

እዚህ ጎንደር አሁን የማየው ተቃራኒውን ነው። አሮጌው ቤት ይተርፋል፣ ግቢው ይሞታል። የፊት ለፊቱ አጥር ፈርሶ ሱቅ ይደረደራል፣ ጓሮው በብሎኬት ይሞላል፣ ተዳፋቱ በዶዘር ተቆርጦ ሜዳ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ጎረቤት ግንብ በክረምት ቀን መሬቱ ከሥሩ ይሸሻል። ቤቱ መሀል ላይ እንደ ጥርስ ብቻውን ቀርቶ «አድሰነዋል» ይባላል። ጎኑ ደግሞ ባለ ሰማያዊ መስታወት ፎቅ ይነሣል፣ ከመንገዱ ግንቡን ታዩበት የነበረው ክፍተት ይዘጋል። እኔ ፎቅ አልጠላም፤ ከተማ ያድጋል፣ ሰው መኖር አለበት። ቁልቁለቱ ላይ፣ ከኮረብታው አናት በታች ቢሠራ ግን ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ከላይ ባለ ሁለት ይመስላል፤ ማንንም አይጋርድም። የዚህ ከተማ መሬት ፎቅ የሚደብቅበት ቦታ ሰጥቶናል፣ እኛ ግን ፎቃችን እንዲታይ ጫፍ እንመርጣለን።

ካፌ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ልታደርጉ ላሰባችሁ አንድ የተግባር ነገር ልንገራችሁ፤ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያተርፋችሁ ይህ ነው። አሮጌ ቤት ላይ አዲስ የምትጨምሩት ከባዱ ነገር ውሃ ነው፣ ማለትም መጸዳጃ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ሻወር። ሰው ሁሉ አሮጌውን ድንጋይ በመሮ እየቀደደ ቧንቧ ይቀብርበታል። አታድርጉ። ቧንቧው አንድ ቀን ማንጠባጠቡ አይቀርም፣ ያን ቀን ግድግዳው ውስጥ ነው የሚያንጠባጥበው። ይልቅ እርጥብ ክፍሎቹን ከአሮጌው ቤት ውጭ፣ በቁልቁለቱ በኩል በትንሽ አዲስ ክፍል ሰብስቧቸውና በጠባብ መሸጋገሪያ አገናኙት። ቢያንጠባጥብም ውሃው ከቤቱ ይርቃል እንጂ ወደ ቤቱ አይሄድም። አዲሱን ክፍል አሮጌ ለማስመሰል አትድከሙ፤ የጣሊያን ጊዜውን ቅስት በብሎኬት የሚያስመስል ሥራ ሁለቱንም ዘመን ያዋርዳል።

አሸንዳ ያለው ቤት አሸንዳውን ግንቦት ላይ ይጥረግ። ይህንን ለመናገር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር፣ ግን አልተጠረገም።

ከተሳታፊዎች ብዙ ጥያቄ መጣ፤ አብዛኛው የፈቃድና የብድር ስለነበረ እዚህ አልጻፍኩትም። የመጨረሻዋ ጠያቂ ግን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። አያቷ እጨጌ ቤት አካባቢ አሮጌ ቤት አላቸው፤ ቤተሰቡ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ያድርገው ወይስ ያከራየው ብሎ አልተስማማም። «የቱ ይሻላል?» አለችኝ።

«ቤቱን አላየሁትም» አልኳት። «ክረምት ላይ ከኋላ በኩል ውሃ ይገባል?»

«እኔ አላውቅም፤ የምኖረው ዶርም ነው። አያቴ ግን ሐምሌ ሲመጣ አልጋቸውን ወደ መንገዱ በኩል ያዞራሉ።»

ቅዳሜ ጧት እመጣለሁ አልኳት። የቤቱን ፕላን ላዘጋጅ ወይ ስትለኝ፣ እሱ ይቆይ፣ በረንዳው ላይ ለአያትሽ ወንበር አውጪላቸው፣ መጀመሪያ የማናግረው እሳቸውን ነው አልኩ።